ሰልባጅ ሱፍ ለሳይክል፦ አገዛዙም አስተጣጠቡም

ባሕር ዳር ውስጥ የሱፍ ሹራብ ለብሼ ሳይክል እነዳለሁ ስል መጀመሪያ የሚመጣው ሳቅ ነው። «ምነው፣ የዚህ አገር ሙቀት አልበቃ አለሽ?» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። በመጋቢትና በሚያዝያ እኩለ ቀን ላይ እዚህ ከተማ ሹራብ ለብሶ መታየት ያስቃል። እኔ የማወራው ግን ስለ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ንጋት ላይ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ቀን አለ። ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ ሲጨመርበት ጣት መሪው ላይ ይደነዝዛል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ መቀመጧ ትዝ የሚለው ያኔ ነው። ሜዳ ስለሆነች ደግሞ ፍጥነት አለ፤ ፍጥነት ካለ ብርድ አለ።

የምጽፈው ሳይክልን ለስፖርት ብቻ ሳይሆን ለሥራ መሄጃም ለምትጠቀሙ፣ የውጭ የሳይክል ልብስ ዋጋ ሰምታችሁ ለደነገጣችሁ ነው። እኔ የምኖረው አባይ ማዶ ነው፣ የምሠራው ድልድዩን ተሻግሬ መሃል ከተማ። ቢሮ ውስጥ ሻወር የሚባል ነገር የለም። እንደደረስኩ ሰው አጠገብ ቁጭ ብዬ መሥራት አለብኝ። ቅዳሜና እሑድ መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ ከከተማ እወጣለሁ፤ ወደ ጢስ አባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወይ በጎንደር መንገድ እስከ ሐሙሲት። አቅሙና ጊዜው ያለው ወረታ ደርሶ ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል። እዚያ መንገድ ላይ ከፎገራ ሜዳ ሙቀት ተነስታችሁ ወደ 2,700 ሜትር ስለምትወጡ፣ ላባችሁ ሳይደርቅ ብርዱ ይቀበላችኋል።

ለዚህ ሁሉ ጥጥ አይሆንም። የጥጥ ካናቴራ ላቡን ይጠጣና ገላ ላይ ይለጠፋል። ሻይ ልጠጣ ብላችሁ ስትቆሙ ያ እርጥብ ጨርቅ ጀርባችሁ ላይ በረዶ ይሆናል። የፖሊስተር ማሊያ ቶሎ ይደርቃል፣ ይሄን አልክድም፤ ግን ይሸታል። አንዴ ላብ የለመደ ፖሊስተር ታጥቦም ቢሆን ትንሽ ሲሞቅ ሽታው ይመለሳል። ሱፍ ግን የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ውስጡ ይዞ ከላይ ሲነካ ደረቅ ይመስላል። ሽታውንም ውስጡ ያፍነውና በኋላ ንፋስ ሲያገኝ ይለቀዋል። እውነቱን ለመናገር እኔን ሱፍ ያስለመደኝ ሙቀቱ ሳይሆን ይሄ አለመሽተቱ ነው።

አዲስ ግኝትም አይደለም። የፈረንሳዩ የሳይክል ውድድር ቱር ደ ፍራንስ እ.ኤ.አ. በ1903 ሲጀመር ተወዳዳሪዎቹ የሚለብሱት ሱፍ ነበር፣ በ1919 የመጣው የመሪው ቢጫ ማሊያም ሱፍ ነበር። በፈረንሳይ የሐምሌ ጠራራ ፀሐይ ማለት ነው። ሰው ሠራሹ ጨርቅ ቦታውን የወሰደው ብዙ ቆይቶ ነው።

«በግ የሞላበት አገር እያለን ለምን የፈረንጅ ሱፍ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። በጎጃም የምናየው የዋሸራ በግ ፀጉሩ አጭር ነው፣ ተሸልቶ የሚፈተል ነገር የለውም። ሱፍ ያለው የመንዝ በግ ነው፤ በርኖስና ባና የሚሠራው ከእሱ ነው። ግን ሻካራ ነው። በርኖስ ከልብስ በላይ ሲደረብ እንጂ ገላ ላይ ሲለበስ አይታችሁ አታውቁም። ሱፍ ቆዳን እንዲበላ የሚያደርገው የፀጉሩ ውፍረት ነው። የአንዱ ፀጉር ውፍረት ወደ 30 ማይክሮን ሲጠጋ (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ጫፉ ቆዳን መውጋት ይጀምራል። ሜሪኖ የሚባለው የበግ ዘር ሱፍ ከዚህ በጣም የቀጠነ ነው፣ ጥሩው ከ20 ማይክሮን በታች ይሆናል። የከተማችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ደግሞ ሥራው በጥጥ ነው። ስለዚህ ዞሮ ዞሮ መድረሻችን ሰልባጅ ተራ ነው።

እዚህ ላይ ነው ባሕር ዳር የምትጠቅመን። ሙቅ ከተማ ስለሆነች ሱፍ ፈላጊ የለውም። ቦንዳ ሲፈታ ሰው የሚሻማው ጂንስ፣ ጃኬትና ጫማ ላይ ነው። ቀጭን የሱፍ ሹራብ፣ በተለይ ቀለሙ አመድማ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ ክምሩ ሥር ይቀራል። «ቦንዳ ሲፈታ በጠዋት ድረሱ» የሚለው ምክር ለጃኬት ፈላጊ ይሠራ ይሆናል፣ ለእኛ አይሠራም። እኔ የምሄደው ወደ ማምሻው ነው፣ ሻጩ ክምሩን ሊያነሳ ሲል፣ ተሸክሞ ከመመለስ በቀነሰ ዋጋ ቢሸጠው የሚመርጥበት ሰዓት። ወቅቱም አለው። ሙቀቱ በሚጠናበት በመጋቢትና በሚያዝያ ሹራብ መግዛት ከሐምሌ በብዙ ይረክሳል። አንድ ነገር ብቻ እወቁ፦ ሰልባጅ አብዛኛው በኮንትሮባንድ የሚገባ ነው፤ ቁጥጥር ሲጠብቅ ዕቃው ይጠፋል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። ያን ጊዜ አትግዙ፣ ቆዩ።

ዋጋ ላይ ዋናው ዘዴ ሱፍ መፈለጋችሁን አለማሳየት ነው። «ሱፍ ነው አይደል?» ካላችሁ አለቀላችሁ። ሹራቡን ገለባብጣችሁ፣ ጉድለቱን ፈልጋችሁ፣ እንደ ዋዛ ነው የሚጠየቀው።

«ይሄ የተበላው ስንት ነው?»
«የቱ ጋ ነው የተበላው እህቴ? ኦርጅናል እኮ ነው!»
«ክርኑን እየው እስቲ።»
«እሺ በቃ፣ አንቺ ስንት ትያለሽ?»

ከዚህ በኋላ የእናንተ ጉልበት ነው። አዲስ ቲሸርት ሱቅ ከሚሸጥበት ዋጋ ሩቡን ከፍዬ ንጹሕ ሜሪኖ ይዤ የገባሁበት ጊዜ አለ። ከግማሹ በላይ ከጠየቁኝ ትቼ እሄዳለሁ፣ ብዙ ጊዜ ከኋላዬ ይጠሩኛል።

ሱፍ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? መለያው ካልተቆረጠ እሱን አንብቡ። የጣሊያኑ «ላና»፣ የፈረንሳዩ «ሌን»፣ የጀርመኑ «ቮለ» ይላል። የተጠቀለለ ክር የሚመስለው የዎልማርክ ምልክት ካለበት ጨርሳችኋል። አክሪሊክ የሚል ካለ ተዉት፣ ሱፍ መስሎ የሚሸጠው እሱ ነው። መለያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቆርጧል፤ ያኔ ክብሪት ነው። ከሹራቡ ከራሱ አንድ ዘለላ ክር ምዘዙ። ስፌቱ የተሰፋበትን ክር አትምዘዙ፣ እሱ በንጹሕ የሱፍ ሹራብ ላይ እንኳ ፖሊስተር ሊሆን ይችላልና ያሳስታችኋል። ከክምሩ ራቅ ብላችሁ ለኩሱት። ሱፍ ከሆነ እሳቱን ስታርቁት ራሱ ይጠፋል፣ በጣት ሲፈጩት አመድ ይሆናል፣ ሽታው ደግሞ በበዓል ቀን የበግ ጭንቅላት ሲለበለብ የሚሸተው ነው። ፖሊስተርና አክሪሊክ ይቀልጡና ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይሆናሉ። ሁለቱንም ካያችሁ ቅይጥ ነው፤ ቅይጥ መጥፎ አይደለም፣ ዋጋው ላይ ግን ተከራከሩበት።

ቀጥሎ አገጫችሁ ሥር አሹት። እጅ አይታመንም፣ የእጅ ቆዳ ወፍራም ነው። አንገት ላይ የበላችሁ ሹራብ ላብ ሲነካው ይብሳል፣ ገና ለመጀመሪያው ዳገት ልታወልቁት ትፈልጋላችሁ። ከዚያ ወደ ሰማይ ዘርግታችሁ በብርሃን እዩት። የብል ቀዳዳ ትንሽ ናት፣ ጠረጴዛ ላይ አትታይም። ብብቱን፣ ክርኑን፣ የታችኛውን ጠርዝ ተመልከቱ። ክርን ላይ ያለ ቀዳዳ አያሳስበኝም። ብብት ከሳሳ ግን አልገዛም፣ እዚያ የተጣፈ ቦታ ሲነዱ ይፈገፍጋል።

ክምሩ ውስጥ ደረቅ ያሉ፣ የተጨማደዱ፣ ክሮቹ ተለይተው የማይታዩ ሹራቦች ታገኛላችሁ። አንድ ሰው በፈላ ውሃ አጥቧቸው ነው። ለመልበስ አይሆኑም፣ ለመቁረጥ ግን ግሩም ናቸው፤ በመቀስ ሲቆረጡ ጫፋቸው አይተረተርም። የጆሮ መሸፈኛ፣ የጓንት ውስጥ፣ የኮርቻ ልብስ ከእነሱ ይወጣል። በነጻ የሚሰጥ ሻጭም አለ።

ስለ ሱሪ ብዙ ሰው የማያስበውን ልንገራችሁ። ሰልባጅ ውስጥ የድሮ ሙሉ ልብስ ሱሪዎች አሉ፣ ኮታቸው የጠፋ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው። ብዙዎቹ ቀጭን ንጹሕ ሱፍ ናቸው። ንፋስ ያሳልፋሉ፣ ቢርሱ ቶሎ ይደርቃሉ፣ አይጨማደዱም። አንዱን ይዤ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ይቆረጥልኝ።»
«ልጄ፣ ይሄን የመሰለ ሱሪ? ነውር አይደለም እንዴ?»
«ለሳይክል ነው ጋሼ።»
«ለሳይክልስ ቢሆን!»

እያዘኑ ቆረጡት። አሁን ከአንድም ሦስት ሰው ልከውልኛል፣ እንዲህ አድርጋችሁ አሰፉ እያሉ። የሚሠራው እንዲህ ነው። እግሩ ሲቆረጥ የሚተርፈውን ጨርቅ አታስጥሉ። የሱሪው አራት ስፌቶች መቀመጫ ሥር አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ ኮርቻ ላይ የሚያቆስለው ያ ቋጠሮ ነው። ልብስ ሰፊው ቦታውን ይፍታና ከትርፉ ጨርቅ በአራት ማዕዘን የተቆረጠ ማስገቢያ ይጨምርበት፣ ስፌቱ ተበታትኖ ከመሃል ይርቃል፣ እግርም እንደ ልብ ይዘረጋል። ኮርቻው የሚነካውን የውስጥ ጭን ሌላ ድርብ ጨርቅ ያልብሰው፣ ሱፍ መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ነው። ጀርባው ወገብ ላይ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ቢልላችሁ ጎንበስ ስትሉ አይራቆትም። ከጉልበት በታች ያለው ጠርዝ በላስቲክ ወይ በቁልፍ ይጠበቅ፣ ሰንሰለት አይበላውም። በቀሚስ የምትነዱ እህቶች ደግሞ የሱፍ ታይት ፈልጉ፤ ክረምት ላይ ከቀሚስ ሥር ከሱ የሚሻል የለም።

ሹራቡም ለሳይክል ማስተካከያ ይፈልጋል። ደረቱ የተበላሸ ሹራብ ካገኛችሁ እጁን ቆርጣችሁ ላዩ ላይ ላስቲክ አስደርጉና የክንድ ማሞቂያ ይሁናችሁ። ጠዋት ታጠልቁታላችሁ፣ 3 ሰዓት ሲሆን አውልቃችሁ ኪስ ትከታላችሁ። ከቀሪው ጨርቅ ለሌላው ሹራብ ጀርባው ላይ ኪስ ይሰፋል። ኪሱ አንድ ትልቅ ከሚሆን ተከፋፍሎ ሦስት ቢሆን ይሻላል፤ አንድ ከሆነ ስልኩና ሙዙ አንድ ላይ ወርደው ሹራቡን ይጎትቱታል። ያረጀ የሱፍ ብርድ ልብስ ቤት ውስጥ ካለ ሰደርያ አሰፉበት። ሻካራነቱ ከላይ ሲደረብ ምንም አይደለም፣ ደረትን ከንፋስ ይጋርዳል።

ካልሲ ይቸግራል። ሰልባጅ ካልሲ ለመግዛት እኔ ራሴ ሆዴ አይፈቅድም። ያገኘሁት መፍትሔ የተበላ ቀጭን ሹራብ ፈትቶ ክሩን ለሹራብ ሠሪ መስጠት ነው። ሱቅ ውስጥ ሱፍ እየተባለ የሚሸጠው ክር አብዛኛው አክሪሊክ ስለሆነ የራሳችሁን ክር ይዛችሁ ሂዱ። ተረከዙና ጣቱ ላይ ቀጭን የናይለን ክር ተደርቦ ይሠራላችሁ፣ ንጹሕ ሱፍ ብቻ ከሆነ ጫማ ውስጥ ቶሎ ይበሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እስካሁን ያወራነው ሁሉ ርካሽ ነው። የሱፍ ልብስን የሚያስወድደው አስተጣጠቡ ነው፤ አንድ ቀን በወጉ ያልታጠበ ሹራብ የልጅ ሹራብ ሆኖ ይወጣል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ምክንያቱ ይሄ ነው። እያንዳንዷ የሱፍ ፀጉር ላይዋ ላይ በዓይን የማይታዩ ቅርፊቶች አሏት። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና መታሸት ሲገናኙ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፣ አንዴ ከተቆላለፉ ደግሞ አይላቀቁም። ከሦስቱ ክፉው ማሸቱ ነው። እኛ ደግሞ ልብስ ታጠበ የምንለው ሲታሽ ነው! ቤታችሁ ልብስ የምታጥብላችሁ ሰው ካለች ሱፉን አትስጧት። ጥፋቷ አይደለም፣ ጥጥ እንደዚያ ነው የሚጸዳው።

መጀመሪያ ግን ለምን ታጥባላችሁ? ሱፍ እንደ ጥጥ በየቀኑ አይታጠብም። ከሥራ ስመለስ ሹራቡን ገልብጬ መስኮት አጠገብ እሰቅለዋለሁ፣ የሐይቁ ንፋስ ሲመታው አድሮ ጠዋት ሽታ የለውም። ጭቃ ከነካው እንዲደርቅ እተወውና በብሩሽ አራግፈዋለሁ። የማጥበው አስጠግቼ ሳሸተው ደስ ካላለኝ ብቻ ነው። በረጅም መንገድ ላብ ከጠገበ ያው ይታጠባል።

ሲታጠብ፦ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ። ከ30 ዲግሪ አይበልጥ፣ እጃችሁን ስትነክሩ ሙቀት ከተሰማችሁ በዝቷል። እዚህ ከተማ ጣሪያ ላይ ሮቶ ያላችሁ ልብ በሉ፣ ቀትር ላይ ከሮቶ የሚወርደው ውሃ ሳይታሰብ የሞቀ ነው። ጠዋት ቀድታችሁ አስቀምጡት፣ የማጠቢያውንም የማለቅለቂያውንም አንድ ላይ። ሳሙናው ሻምፖ ነው። ርካሹ ሻምፖ ይበቃል፣ አንድ ማንኪያ። ሱፍ የበግ ፀጉር ነው፣ ለፀጉር የሚሆነው ይሆነዋል። ደረቅ የልብስ ሳሙና አትጠቀሙ፣ ሱፍን ያደርቀዋል፣ ያሻክረዋል። ብዙ ዱቄት ሳሙና ውስጥ የላብና የምግብ እድፍን የሚበላ ኢንዛይም አለ፤ ኢንዛይሙ የተሠራው ፕሮቲን ለመስበር ነው፣ ሱፍ ራሱ ደግሞ ፕሮቲን ነው። በረኪናማ ጨርሶ አይታሰብ፤ በረኪና ሱፍን አያነጣውም፣ ያሟሟዋል።

ልብሱን ገልብጣችሁ አስገቡ፣ ሩብ ሰዓት ይነከር። ከዚያ በመዳፍ ወደ ታች ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ። አይታሽም፣ አይጠመዘዝም፣ አንገቱን ይዞ ከውሃ ማንጠልጠልም የለም፣ በውሃው ክብደት ይረዝማል። ሁለት ጊዜ አለቅልቁት። በመጨረሻው ውሃ ላይ አንድ ማንኪያ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፣ የቀረውን ሳሙና ያጠፋዋል፣ ሱፉም ይለሰልሳል፤ ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል። ቀጥሎ ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ከፎጣው ጋር ጠቅልሉትና ቁሙበት። አዎ፣ በእግር ቁሙበት። ልጆች ካሉ ይሄን ሥራ ለነሱ ስጧቸው፣ ይወዱታል።

ማድረቅ ላይ ገመድ የለም። ሰሌን ላይ ጥላ ውስጥ ይዘርጋ፣ ቅርጹ በእጅ ተስተካክሎ። ሰሌን ከሥሩ አየር ስለሚያሳልፍ ከፎጣም ይሻላል። ከበጋ እስከ በልግ በአንድ ቀን ይደርቃል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ፈተና ነው፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ሁለት ቀን ይወስዳል፣ መሃል ላይ መገልበጥ አለበት። ለዚህ ነው ክረምት ላይ አንድ ሹራብ የማይበቃው።

እንዶድ የሚያገኝ ካለ ከሻምፖም እመርጠዋለሁ። እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ ያጠቡበት የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም፣ አረፋው ጨርቅ አይጎዳም። ደረቁ ፍሬ ይወቀጥና በውሃ ይመታል፣ በጨርቅ ተጠልሎ ውሃው ብቻ ይወሰዳል፣ አለበለዚያ ፍርፋሪው ሹራቡ ውስጥ ይሰገሰጋል። ግን ሐይቅ ዳር ይዛችሁ አትውረዱ። አንደኛ፣ ጣና ዳርቻ ላይ ቢልሃርዚያ አለ፤ ውሃ ውስጥ ቆሞ ልብስ ማጠብ ደግሞ በሽታው ከሚይዝባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ነው። ሁለተኛ፣ እንዶድ ዓሣ ይገድላል። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣም ይገድላል፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው ለቢልሃርዚያ መከላከያ ምርምራቸውን የጀመሩት። እና ቤት ውስጥ በሳፋ እጠቡ፣ እጣቢውን አፈር ላይ ድፉ።

ከገበያ የመጣ ሱፍ ሌላ እንግዳ ይዞ ሊገባ ይችላል፣ ብል። የሚበላው የሚበረው አይደለም፣ ትሉ ነው። ለዚህ አዲስ የገዛሁትን ከሌላው ልብስ ጋር ሳላገናኝ በፌስታል አሥሬ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት አስቀምጠዋለሁ። መብራት ከሄደ ግን ቆጠራው እንደገና ይጀመራል፣ ይሄን ታውቁታላችሁ። ፍሪዘር የሌላችሁ ጥቁር ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ የቀትር ፀሐይ ላይ አውሉት፣ ያ ሙቀት ለትልም ለዕንቁላሉም አይመችም። በሙቀቱ ወራት ስታስቀምጡ ደግሞ ታጥቦ ይቀመጥ፤ ብል ላብና ቅባት ያለበትን ሱፍ ይመርጣል። ናፍታሊን አልወድም፣ ሽታው ከሹራቡ አይወጣም፣ በአፍንጫዬ እየሳብኩት 30 ኪሎ ሜትር አልነዳም። በደንብ የታሠረ ፌስታልና አልፎ አልፎ ማራገፍ ይበቃል።

ትንሽ ቀዳዳ ስታዩ ዛሬውኑ ስፉት። ሹራብ ላይ ቀዳዳ ቆሞ አይጠብቅም፣ ይተረተራል። ክሩን ከሹራቡ የውስጥ ጠርዝ መዝዛችሁ ብትሰፉበት ቀለሙም ውፍረቱም ይገጥማል። የሰንሰለት ግሪስ ከነካ አትሹት፣ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ፓውደር ነስንሳችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት በብሩሽ አራግፉ፣ የቀረውን አንድ ጠብታ ላርጎ በጣት ነክቶ በቀዝቃዛ ውሃ ማውጣት ነው።

ሱፍ የማይችለውንም ልናገር። የሐምሌን ዶፍ አይችልም። ካፊያ ላይ ግሩም ነው፣ ዶፍ ላይ ግን ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ እጁ እስከ ጉልበት ይወርዳል። ለዚያ የሚታጠፍ የላስቲክ ካፖርት ኮርቻ ሥር አሥራለሁ። ከፀሐይ መውጫ በኋላ በሚያዝያ የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ሹራብ የሚባል ነገር እርሱት፤ ቀጭን ሜሪኖ ካናቴራ ካላገኛችሁ ጥጣችሁን ልበሱና አንድ መቀየሪያ ቦርሳ ውስጥ ያዙ።